ሥራውን ጨርሶ የሚሟሟ ጨው

ቤት ውስጥ ለሚሠራ የገላ መፋቂያ ሁለት ነገር ይበቃል። ጨውና ዘይት። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው፤ አንዳንዱ ጌጥ ደግሞ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ይህን የምለው ጌጥ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ሽታ እወዳለሁ፣ የሚያምር ብልቃጥም ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። ግን መፋቂያውን ለራሴ እየሠራሁ በቆየሁ ቁጥር የምጨምረው ነገር እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ አሁን ብልቃጤ ውስጥ የቀረው ደቃቅ የገበታ ጨውና የሱፍ ዘይት ብቻ ነው። ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ፎቶ ቢነሳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቆዳዬ ግን ተስማምቶታል።

ስለ ጨው መፋቂያ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ምን እንጨምርበት» በሚለው ላይ ነው የሚሽከረከረው። ሎሚ፣ ማር፣ ቡና፣ ቀረፋ፣ የጽጌረዳ ቅጠል። ስለ ጨው ስለራሱ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ የነገሩ ቁልፍ ጨው ላይ ነው ባይ ነኝ። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ውሃ ውስጥ ግን ይሟሟል። በቃ። ይህቺ ነገር ከገባችን መፋቂያው እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚቀባ፣ ምን እንደማይገባበትና ለምን እንደሚበላሽ በሙሉ ከእሷ ይወጣል።

እስቲ አስቡት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ጨው በዘይት ስለተሸፈነ ቅንጣቱ እንዳለ ይቆያል። ዛሬም ክፈቱት ከሳምንታት በኋላ ያው ጨው ነው። እርጥብ ገላ ላይ ሲያርፍ ግን መሟሟት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚሄደው ሹል ጫፉ ነው። በመዳፋችሁ ጉልበታችሁን ስታሹ ይህን በደንብ መስማት ይቻላል፤ መጀመሪያ ሸርሸር የሚል ድምፅ አለው፣ ቆዳውም ላይ ጠንከር ብሎ ይሰማል። ጥቂት ዙር ካዞራችሁ በኋላ ድምፁ እየቀነሰ፣ ቅንጣቱም እየለሰለሰ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ እጃችሁ ስር የሚንሸራተተው ዘይት ብቻ ይሆናል። ጨው የት ሄደ? ሟሟ። እኛ መቼ ማቆም እንዳለብን ባናውቅ እንኳ እሱ ያቆምልናል። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት ወደ 36 ግራም ጨው ያሟሟል፤ ስለዚህ የተረፈችውን ጨው ለመጥረግ የሻወር ውሃ ከበቂ በላይ ነው።

ይህን ጠባይ ሌሎች መፋቂያዎች የላቸውም። ለረጅም ዓመታት ፋብሪካዎች መፋቂያ ውስጥ ይከቱት የነበረው ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬ ነበር። ገላ ላይ አይሟሟም፣ ቱቦ ውስጥም አይሟሟም፣ ወንዝና ባሕር ገብቶም አይሟሟም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕግ አውጥታ ታጥበው ከሚወገዱ የመዋቢያ ምርቶች ውስጥ እንዲወጣ አደረገች፣ ብሪታንያም በ2018 ከለከለችው። የተፈጨ የፍሬ ቅርፊትና የቡና አተላም አይሟሟም፤ አተላው የቱቦ ጠላት ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባል የለ? እዚህ ደግሞ ለራሱ ሲል መሟሟት አለበት። አልሟሟ ካለ ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ደግሞ ገላዬ ላይ ምን ይሠራል?

እሺ፣ ወደ አሠራሩ። አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨው ውሰዱ። ከግማሽ ኩባያ ያነሰ ዘይት ጨምሩና አማስሉ። ካነሰ ትጨምራላችሁ፣ ከበዛ ግን ሌላ ጨው ፍለጋ መሄድ ነው። ልኩ ሲደርስ እርጥብ አሸዋ ይመስላል፤ በማንኪያ አንስታችሁ ዘንበል ብታደርጉት ተጠቅልሎ ይወድቃል እንጂ አይፈስም። ከፈሰሰ ዘይቱ በዝቷል። ከተበተነ አንሷል። ከዚህ የበለጠ ሚዛንና መስፈሪያ አያስፈልገውም።

አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ስትከፍቱት ዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ ጨው ታች ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ተበላሸ ብሎ ይደፋዋል። አልተበላሸም። የሱቁ መፋቂያ የማይለያየው ዘይትና ውሃን የሚያስማማ ነገር ስለተጨመረበት ነው። የእናንተው የለውም፤ ስለዚህ በደረቅ ማንኪያ ከታች ወደ ላይ ታማስሉታላችሁ፣ አለቀ። ደረቅ ያልኩት ማንኪያ ላይ ግን ቀልድ የለም። በእርጥብ እጅ መዛቅ ማለት ብልቃጡ ውስጥ ውሃ ማስገባት ነው፤ ውሃ ከገባ ጨው መሟሟት ይጀምራል፣ ከእጃችን የመጣ ባክቴሪያና ሻጋታም መኖሪያ ያገኛል። ጨው ራሱ ብዙውን ባክቴሪያ ያስቸግራል፣ ይህ እውነት ነው። ሁሉንም ግን አይደለም። እኔ ገላዬን ከመታጠቤ በፊት፣ እጄ ገና ደረቅ እያለ፣ የምፈልገውን ያህል ትንሽ ሳህን ላይ አውጥቼ ብልቃጡን ከድኜ አስቀምጣለሁ። ክዳኑ ፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል። ብረት ከሆነ ጨው ይበላዋል፣ ዝገቱም ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

ጨዉ የትኛው ይሁን? ደቃቁ። ሻካራ ጨው ሲያዩት ጠንካራ ሥራ የሚሠራ ይመስላል፣ እውነትም ይሠራል፤ ለተረከዝ። ለሌላው ገላ ግን ይቧጭራል። የገበታ ጨው በአጉሊ መነጽር ሲታይ ትንንሽ ኩብ ነው፣ ተሰብሮ የተፈጨ ድንጋይ ጨው ደግሞ ቅርፁ የተዘበራረቀ፣ ጠርዙም የሚወጋ ነው። ሮዝ ቀለም ያለው ጨው ስለ ቆዳ ብዙ ይወራለታል። ቀለሙ የመጣው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከዚያ ውጪ አብዛኛው ያው ሶዲየም ክሎራይድ፣ ማለትም የገበታ ጨው ነው። ኤፕሰም ሶልት የሚባለው ግን ከነጭራሹ የወጥ ቤት ጨው አይደለም። ማግኒዚየም ሰልፌት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዟ ኤፕሰም ከተማ ነው። የሙት ባሕር ጨውም እንዲሁ በአብዛኛው የማግኒዚየም ውህድ ነው። አዮዲን ያለበት የገበታ ጨው ቆዳ ያበላሻል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ለመፋቂያ የምትጠቀሙባት ጨው ላይ ያለችው አዮዲን እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፣ ገላ ላይም የምትቆየው ለደቂቃዎች ነው።

ዘይቱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፣ ምክንያቱም ጨው ታጥቦ ሲሄድ ቆዳ ላይ የሚቀረው እሱ ነው። የሱፍ ዘይትን የመረጥኩት ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት ነው፤ ለቆዳ የላይኛ ሽፋን የሚስማማ ስብ ነው። የወይራ ዘይት ግን ኦሌይክ አሲድ የሚባል ይህን ሽፋን የሚያላላ ስብ ስለሚበዛበት ደረቅና የሚያሳክክ ቆዳ ላለው ሰው አልመክረውም። ገላው ጤነኛ ለሆነ ሰው አልፎ አልፎ ቢጠቀምበት ግን ችግር የለውም። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። ብርድ ሲሆን ብልቃጡ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፣ ቱቦ ውስጥም እንዲሁ፤ ጀርባቸው ላይ ብጉር ለሚወጣባቸው ሰዎችም የሚሆን አይደለም። ዘይት ደግሞ ይቆያል እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። ሙቀትና ብርሃን ሽታውን ይለውጡታል። ስትከፍቱት ሽታው ያስጠላችሁ ነገር ገላችሁ ላይ የሚወጣበት ምክንያት የለም። ቫይታሚን ኢ ጠብ ማድረግ ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያዘገያል፣ ባክቴሪያን ግን አይከለክልም፤ ሁለቱን እያደባለቁ የሚጽፉ ስላሉ ነው ይህን ያነሳሁት። መፍትሔው ትንሽ ትንሽ መሥራት ነው። ለመሥራት የሚፈጀው እኮ ውሃ ለማሞቅ የሚፈጀውን ያህል እንኳ አይሆንም።

አሁን ወደ ጌጡ ልምጣ። ሎሚ። ሎሚ ያልገባበት የመፋቂያ ቪዲዮ ማግኘት ከባድ ነው፣ እኔም ሎሚን የምቃወምበት ምክንያት አንድ አይደለም። የሎሚ ጭማቂ ውሃ ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ጨውን ያሟሟል፣ ይኸውም ልንጠብቀው የፈለግነውን ነገር ማጥፋት ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፀሐይ ነው። ሎሚና ዘመዶቹ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አላቸው። ይህ ነገር ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ያቆስላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ቆዳ ሊያጠራ የገባ ነገር ቆዳ አጥቁሮ ወጣ ማለት ነው። ቤኪንግ ሶዳም የሚጨምሩ አሉ። ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲዳማ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ሲያንስ አሲዳማ ነው) 5 አካባቢ ነው። ሶዳው ከ8 ይበልጣል። ቆዳ ይህን ሚዛኑን የያዘው ለራሱ መከላከያ ነው፤ እኛ ለምን እናፈርስበታለን?

ሽታ ለምትወዱ፣ ኢሴንሻል ኦይል (ከዕፅዋት የሚወጣ ጠንካራ የሽታ ዘይት) መጨመር ይቻላል፤ ግን በጠብታ ነው እንጂ በማንኪያ አይደለም። 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ላይ 20 ጠብታ ገደማ አንድ በመቶ ይሆናል፣ ከዚያ ባያልፍ ጥሩ ነው። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የቀረፋ ዘይት ተፈጥሯዊ ነው፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ፈሳሽ ሳሙና ለመጨመር ያሰባችሁ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ታያላችሁ፤ ጨው ብዙዎቹን ፈሳሽ ሳሙናዎች ትንሽ ሲገባባቸው ያወፍራቸዋል፣ ሲበዛባቸው መልሶ ውሃ ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ ሳሙናው ተበላሽቶ አይደለም፣ ጨው በዝቶበት ነው።

ስለ አጠቃቀሙ። መጀመሪያ በሳሙና ታጠቡ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ፍቆ ሲያበቃ ሳሙና ይቀባል፣ ሳሙናውም ዘይቱን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ወጥቶ ሎሽን ፍለጋ! ታጥባችሁ፣ ገላችሁ በሞቀ ውሃ ለስልሶ ሳለ ውሃውን ዝጉ። ካልዘጋችሁት ጨው እጃችሁ ላይ እያለ ያልቃል። ገላችሁ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይውረድበት። በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በጥፍር አይደለም፣ በሻካራ ጨርቅም አይደለም። ቅንጣቱ ሲጠፋ ታጠቡና ፎጣውን ገላችሁ ላይ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ፣ አትሹት። ቀጭን የዘይት ሽፋን ይቀራል፤ እርጥበቱን የሚይዝላችሁ እሱ ነው።

ስንት ጊዜ? በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። የምንፍቀው የላይኛው የሞተ ሕዋስ ሽፋን ከመዳፍና ከእግር ስር በቀር ከወረቀት በብዙ ይሳሳል። ቆዳ ራሱ ከታች እየተካ፣ ከላይ እያረገፈ በአንድ ወር ገደማ ይታደሳል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። እኛ የምናግዘው ለመርገፍ የተዘጋጀውን እንዲረግፍ ነው። በየቀኑ የሚፍቅ ሰው ግን ያልደረሰውንም ያነሳል። ቆዳው ያብረቀርቅለታል፣ ይለጠጥበታል፣ ከዚያ ሎሽን ሲቀባ ያቃጥለዋል። ያ ንጽሕና አይደለም። የቆዳ አቤቱታ ነው።

ፊት ላይ አይሆንም። የፊት ቆዳ ለጨው አልተሠራም። ፀጉር የተላጨ ቦታ ላይ፣ በዚያው ቀን፣ በፍጹም፤ ቁስል ላይ ጨው የሚባለውን ነገር በገላችሁ ታውቁታላችሁ። ችፌ፣ ሶሪያሲስ (ቆዳ ወፍሮ የሚቀረፈርበት ሕመም)፣ በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳ፣ የፈነዳ ብጉር ላይም አይሆንም። ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሲቧጨር ላይሰማው ስለሚችል ተረከዙን በዚህ ከመፈተግ ቢተወው ይሻላል።

አሁን ቆም ብዬ የማወራው ስለ አንገት፣ ስለ ብብት፣ ስለ ክርን ነው። መፋቂያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በልቡ ይዞ የሚመጣው ይህን ጥያቄ ነው፤ «የጠቆረውን ያነሳልኛል ወይ?» መልሱ አንዳንዴ በጥቂቱ፣ ብዙውን ጊዜ ግን አያነሳም ነው፤ በኃይል ከፈተጋችሁት ደግሞ ያብሰዋል። ምክንያቱም ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ብጉር ሲድን፣ ትንኝ ነክሳ ሲሽር፣ ቁስል ሲጠግግ ጥቁር ምልክት ይቀራል። ፍተጋም ለቆዳ ያው ጉዳት ነው። ስለዚህ ጥቁረቱን ለማጥፋት እየፈተጉ ጥቁረት መጨመር አለ፣ ሲጨምር ደግሞ የበለጠ መፈተግ አለ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ክርንና ጉልበት ላይ የሚታየው ጥቁረት ከፊሉ ደረቅ ቆዳ ከሆነ ጨውና ዘይት ያለሰልሰዋል፣ ትንሽም ይፈካል። አንገት ዙሪያና ብብት ውስጥ የሚወጣው፣ ወፈር ብሎ ሲነኩት ከፋይ ጨርቅ የሚመስለው ጥቁረት ግን ሌላ ነገር ነው። አካንቶሲስ ኒግሪካንስ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መድከሙን ያሳያል። ቆሻሻ አይደለም። ያ ሰው የሚያስፈልገው መፋቂያ ሳይሆን የስኳር ምርመራ ነው። ስንት ሰው «አንገትህን ታጠብ» እየተባለ አድጓል! ስንቱስ በዚህ ተሸማቆ ቆዳውን ሲልጥ ኖሯል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካነሳሱኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ሌላም የተለመደ ተስፋ አለ። ጨው መርዝ ከሰውነት ይስባል የሚባለው። አይስብም። ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው፣ እነሱም የእኛን ጨው አይጠብቁም። ቆዳ ነገር እንዳይገባና እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራ አጥር ነው፤ በአሥር ደቂቃ ሻወር በሩን አይከፍትም። ሴሉላይት፣ ማለትም ጭንና መቀመጫ ላይ የሚታየውን ጎርበጥባጣ ቆዳ፣ ያጠፋል የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ሲታሽ ደም ስለሚሯሯጥ ለትንሽ ሰዓት የተሻለ ይመስላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ገንዳ ያላቸው ሰዎች እፍኝ ጨው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በትነው ቢተኙበት ደስ ይላል፣ ድካም የወጣላቸው ይመስላቸዋል። ሙቀቱ ነው። ደስታው ግን ደስታ ነው፣ እኔ አልከራከርበትም።

ታዲያ ምን ይሠራል? ሻካራውን ያለሰልሳል፤ ክንድ ላይ ሽፍ ብሎ የሚታየውን የዶሮ ቆዳ የሚመስል ነገር ይቀንሳል፤ ከመላጨት አንድ ቀን በፊት ቢያሹት ወደ ውስጥ የሚበቅል ፀጉር እንዲቀንስ ያግዛል። ተረከዝ ላይ በደንብ ይታወቃል፣ በተለይ ታጥባችሁ ስትጨርሱ ካልሲ ካደረጋችሁበት። ይህ ለኔ በቂ ነው። ከወጥ ቤት መደርደሪያ የወጣ ነገር ከዚህ በላይ እንዲሠራ መጠበቅ እሱንም እኛንም ማስቸገር ነው።

ለሰው ሠርታችሁ የምትሰጡ ከሆነ ብልቃጡ ላይ የተሠራበትን ቀንና የዘይቱን ዓይነት ጻፉ። የለውዝ ወይም የአልሞንድ ዘይት ከሆነ በተለይ፤ ለእነሱ አለርጂ ያለበት ሰው ማወቅ አለበት። ስትሰጡም አንድ ነገር በቃል ንገሩ፤ ዘይቱ መታጠቢያ ቤቱን ያሟልጨዋል። ሲጨርሱ ወለሉ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው በሙቅ ውሃ ይልቀቁበት፣ ቀጥሎ የሚገባ ሰው አለ።